«ደሴቱ ላይ ቆሟል ቤተ ክርስቲያን»፦ የእንግሊዝኛ ግሥ ባለቤቱን ሲቀድም

የጎረቤቴ ልጅ አስጎብኚ ሊሆን ነው። ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ ነው፤ ጣናን እንደ ጓሮው ያውቀዋል። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» አለኝ። ለቱሪስቶች የሚናገረውን በእንግሊዝኛ ጽፎ በቃሉ እየያዘ ነበር።

አየሁለት። ይህ ነው የሚባል ስህተት የለበትም። ግን ጥቂት መስመር እንደሄድኩ ጆሮዬን አንድ ነገር ይቆረቁረኝ ጀመር። «ኦን ዘ አይላንድ አን ኦልድ ቸርች ኢዝ ፋውንድ። ኢን ዘ ቸርች ሜኒ ፔይንቲንግስ አር ፋውንድ። ኒር ዘ ቸርች ኤ ስሞል ሙዚየም ኢዝ ፋውንድ።» ፋውንድ፣ ፋውንድ፣ ፋውንድ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ልጁ በውስጡ የሚሰማው «ይገኛል፣ ይገኛሉ፣ ይገኛል» ነው። ቱሪስቱ መልእክቱን አያጣውም። ግን «ፋውንድ» ሲደጋገምበት ቤተ ክርስቲያኑ ጠፍቶ ከርሞ ትናንት የተገኘ ይመስለዋል።

«ታዲያ ምን ልበል?» አለኝ።

«ኦን ዘ አይላንድ ስታንድስ አን ኦልድ ቸርች፣ በል።»

ሳቀብኝ። «ኧረ ጋሼ! ግሡ ባለቤቱን ቀደመው እኮ። ጥያቄ ነው እንዴ? የኛ አስተማሪ ቢሆን ኤክስ ነበር የሚያደርግበት።»

አልፈረድኩበትም። ሁላችንም የተማርነው እንደዚያ ነው። ባለቤት ይመጣል፣ ግሥ ይከተላል፣ ተሳቢ ይዘጋል። ግሥ ነገር የሚቀድመው ስንጠይቅ ብቻ ነው ተብለን ነው ያደግነው። መጽሐፍ ማንበብ ስንጀምር ግን በየገጹ ይህን ሕግ የጣሰ ዓረፍተ ነገር ይገጥመናል። ሕጉን የጣሰው ደግሞ ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ነው። እንግዲህ ይህን ላስረዳ። እንግሊዝኛውን በፊደላችን ነው የምጽፈው፤ ድምፅ እያወጣችሁ አንብቡት። ጉዳያችን ማን ማንን ቀደመ የሚለው ስለሆነ የፊደሉ ነገር አያጣላንም።

መጀመሪያ ከራሳችን ቋንቋ እንነሣ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ልስጣችሁ። «መቅዘፊያው ታንኳው ላይ ነው።» «ታንኳው ላይ መቅዘፊያ አለ።» ዕቃው ያው ነው፣ ቦታውም ያው ነው። ግን አንዱን በሌላው ቦታ አትናገሩትም። የመጀመሪያውን የምትሉት መቅዘፊያው የት ሄደ ለሚል ሰው ነው። ሁለተኛውን የምትሉት ደግሞ ታንኳው ላይ ምን እንዳለ ለማያውቅ ሰው ነው። በመጀመሪያው «መቅዘፊያው» ነው፤ የሚታወቅ ነው። በሁለተኛው «መቅዘፊያ» ብቻ ነው፤ ለሰሚው አዲስ ነው። አዲስ ሲሆን ቦታው ወደ ፊት አለፈ፣ ዕቃው ወደ ግሡ ተጠጋ። ማንም አላስተማረንም፤ ከእናታችን ጋር ስናወራ የለመድነው ነው።

እንግሊዝኛም ፍላጎቱ ይኸው ነው። ሰሚው የሚያውቀውን ያስቀድማል፣ አዲሱን ወደ መጨረሻ ያመጣል። ደሴቱን ቱሪስቱ ከጀልባው ላይ እያየው ነው፤ ስለዚህ «ኦን ዘ አይላንድ» ይቅደም። ቤተ ክርስቲያኑ ገና ዛፍ ውስጥ ተሸሽጓል፤ ስለዚህ ይጠብቅ። ችግሩ ግሡ ነው። የእኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ መንገድ አይዘጋም። የእነሱ ግሥ ግን መሃል መንገድ ላይ ተገትሯል። አዲሱ ነገር መጨረሻ መድረስ ከፈለገ ግሡን ዘሎ ማለፍ አለበት። ዘለለና እንዲህ ሆነ፦ ደሴቱ ላይ፣ ቆሟል፣ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን።

በቋንቋ አጥኚዎች ዘንድ ይህ ሎኬቲቭ ኢንቨርዥን ይባላል። እኔ ለልጁ «የቦታ ግልበጣ» አልኩት፤ ስሙን ወደደው።

ነገሩ ደረቅ ሰዋስው እንዳይመስላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ግልበጣ በአማርኛም እናውቀዋለን፤ ስናወራ ነው እንጂ ስንጽፍ አናደርገውም። ልጁ ወረቀቱን ትቶ አጎቱ ዓሣ ሊያሰግር ወጥቶ የገጠመውን ይነግረኝ ጀመር። «ዝም ብሎ እየቀዘፈ፣ ከደንገሉ ውስጥ ብቅ አይል መሰለዎት ጉማሬ!» አለ። አስቆምኩት። «አሁን ምን አልክ? ድገመው።» ደገመው። «ግሡን አስቀድመህ ጉማሬውን መጨረሻ ላይ ለምን ጣልከው?» ትንሽ አሰበና «እንዲያስደነግጥ ነዋ» አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። «አውት ኦቭ ዘ ሪድስ ኬም ኤ ሂፖ» የሚለው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር የሚሠራው ሥራ ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ደንገሉን አሳየን፣ ቀጥሎ የሆነ ነገር መምጣቱን ነገረን፣ ማን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ገለጠው። ዓይናችን ባየበት ቅደም ተከተል ነው የተነገረን።

ልጁ ነገሩ ጣመው። ጣመው ስል ከልክ በላይ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ያልተገለበጠ ዓረፍተ ነገር አልነበረም። ስለ ናርጋ ሥላሴ የጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ኢን ዘ ኤይቲንዝ ሴንቸሪ ቢልት ኤምፕረስ ምንትዋብ ዘ ቸርች።» በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ቤተ ክርስቲያኑን አሠሩት ማለቱ ነው። ታሪኩ ትክክል ነው። ናርጋ ሥላሴ ደቅ ደሴት ላይ የሚገኘው የእቴጌይቱ ሥራ ነው። እንግሊዝኛው ግን ተሰበረ።

ለምን ተሰበረ? ይህ ዋናው ነጥብ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

«ጉማሬው ታንኳውን ገለበጠው» በሉ። አሁን ደግሞ አዙሩት፦ «ታንኳውን ጉማሬው ገለበጠው።» ያው ነው። ማን እንደገለበጠ፣ ማን እንደተገለበጠ አይጠፋንም። የሚያድነን «ን» ናት። ታንኳው የትም ቢሄድ «ን»ን እንደ መታወቂያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው። እንግሊዝኛ «ን» የለውም። «ዘ ሂፖ ኦቨርተርንድ ዘ ካኑ» ካላችሁ ጉማሬው ገለበጠ። ቦታ አለዋውጣችሁ «ዘ ካኑ ኦቨርተርንድ ዘ ሂፖ» ካላችሁ ታንኳው ጉማሬውን ገለበጠው። ማን አድራጊ፣ ማን ተደራጊ እንደሆነ የሚነግራቸው የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ስለ ቅደም ተከተል እንዲያ የሚጨነቁት።

እንግዲህ ግልበጣ የሚፈቀደው ጭንቀት በሌለበት ነው። «ስታንድ» ማለት መቆም ነው። መቆም አንድ ሰው ይበቃዋል፤ የሚቆም እንጂ የሚቆምበት ተሳቢ የለም። ባለቤቱ ከግሡ ፊት ሆነ ኋላ ከማንም ጋር አይምታታም። «ቢልት» ግን ሁለት ይፈልጋል፤ ሠሪና ተሠሪ። ሁለቱ ከግሡ በኋላ ተደርድረው ሲታዩ የእንግሊዝኛ ሰሚ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ተሳቢ የሚያስከትል ተሻጋሪ ግሥ በቦታ ግልበጣ ውስጥ አይገባም። «ኢን ዘ ኤይቲንዝ ሴንቸሪ ምንትዋብ ቢልት ዘ ቸርች» ብሎ በቀጥታው መሄድ ነው። የመስተዋድድ ሐረግ ስለቀደመ ብቻ ግሥ አይዘልም።

ተሳቢ የሌለው ግሥ ሁሉ ይገለበጣል ማለት ደግሞ አይደለም። «ላፍ»፣ መሳቅ፣ ተሳቢ የለውም። ግን «ኢን ዘ ቦት ላፍድ ኤ ቦይ» ቢባል ጆሮ አይቀበለውም። የሚገለበጡት ግሦች ቀለል ያሉ ናቸው። አንድን ነገር አምጥተው መድረክ ላይ አስቀምጠው ዞር የሚሉ ዓይነት። መኖር፣ መቆም፣ መቀመጥ፣ መጋደም፣ መንጠልጠል፣ መምጣት፣ መውጣት፣ መውደቅ። መሳቅ ራሱ ወሬ ነው፤ ወሬውን ከባለቤቱ ይሻማል። እነዚህ ግን ወሬውን ለባለቤቱ ይተዉለታል።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ያስቀኛል። መጋደም በእንግሊዝኛ «ላይ» ነው። ከእኛ «ላይ» ጋር ድምፁ አንድ ነው፤ ለማስታወስም ይመቻል። ባለፈ ጊዜ «ሌይ» ይሆናል። ልጁ ስለ ደጋ እስጢፋኖስ ሲጽፍ ይህ ግሥ ጥሩ ጠቀመው። በዚያ ገዳም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብንና ዐፄ ፋሲልን ጨምሮ የበርካታ ነገሥታት አጽም እንዳለ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ሲጽፈው የነገሥታቱን ስም ሁሉ ደርድሮ ደርድሮ መጨረሻ ላይ «አር ፋውንድ ሂር» ብሎ ነበር። አማርኛ ሰሚ ይህ አይከብደውም፤ ግሡን እስከ መጨረሻ መጠበቅ ለምዷል። እንግሊዝኛ ሰሚ ግን ግሡን ቶሎ ካላገኘ ትንፋሽ ያጥረዋል። «ኢን ዚስ ሞናስቴሪ ላይ ዘ ሪሜይንስ ኦቭ...» ብሎ ከጀመረ በኋላ ግን የፈለገውን ያህል ስም ይደርድር፤ ግሡ አልፏል፣ ሰሚው ተረጋግቷል። ባለቤቱ ረጅምና ከባድ ሲሆን ግልበጣው ይበልጥ የሚያምረው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የአብዛኞቻችን እግር የሚሰናከልበት ነገር አለ። ባለቤቱ ተውላጠ ስም ከሆነ፣ ማለትም ሂ፣ ሺ፣ ኢት፣ ዜይ ከሆነ፣ ግሡን አይዘልም። መንገድ ዳር ቆማችሁ ባጃጅ ብቅ ሲል «ሂር ካምስ ኤ ባጃጅ» ትላላችሁ። ባጃጁን ሁላችሁም ስትጠብቁት የቆያችሁት ከሆነ ግን «ሂር ኢት ካምስ» ነው። «ሂር ካምስ ኢት» አይባልም። ምክንያቱ ከላይ ካልነው ይመዘዛል። መጨረሻው ወንበር የአዲስ እንግዳ ነው። «ኢት» ደግሞ በተፈጥሮው የሚታወቅ ነው፤ የማይታወቅ ቢሆንማ «ኢት» ባልተባለ። አማርኛ ጭራሽ አይጠራውም። «መጣ!» ብለን እንሮጣለን።

የግሡ ስምምነትም ያሳስታል። ግሡ አጠገቡ ያለውን ሳይሆን ባለቤቱን ነው የሚከተለው፣ ባለቤቱ የትም ይሁን። «ኢን ዘ ሌክ ሊቭ ሂፖስ» ነው እንጂ «ሊቭስ» አይደለም። ሐይቁ አንድ ነው፣ ጉማሬዎቹ ግን ብዙ ናቸው። አማርኛ ላይ «ሐይቁ ውስጥ ጉማሬዎች ይኖራል» የሚል ሰው አላየሁም። ያንኑ ጆሮ መጠቀም ነው። ኮማውንም ተዉት። ግልበጣ ካለ ከቦታው ሐረግ በኋላ ኮማ አይገባም።

አሉታም አይስማማውም። «ኦን ዘ አይላንድ ዳዝ ኖት ስታንድ ኤ ሆቴል» አይባልም። ይህ ቅርጽ አንድን ነገር ለማስተዋወቅ የቆመ ነው፤ የሌለን ነገር ማን ያስተዋውቃል? «ዜር ኢዝ ኖ ሆቴል ኦን ዘ አይላንድ» ማለት ይሻላል።

እዚህ ስንደርስ ልጁ ወረቀቱን ገለበጠና «ታዲያ ይቺስ?» አለኝ። ደጋ እስጢፋኖስም ሆነ ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም። ይህን ለእንግዶቹ አስቀድሞ መንገር አለበት፤ ጀልባው ከደረሰ በኋላ ቢነግራቸው ጠብ ነው። የጻፈው «አንደር ኖ ሰርከምስታንስስ ውሜን ሜይ ኢንተር» ነበር። በምንም ሁኔታ ሴቶች መግባት አይችሉም ለማለት። እዚህ ደግሞ በተቃራኒው፣ መገልበጥ ሲገባው አልገለበጠም። «አንደር ኖ ሰርከምስታንስስ ሜይ ውሜን ኢንተር» ነው ትክክሉ።

«ጋሼ፣ አሁንስ ግራ አጋቡኝ። አሉታ ባለበት አይገለበጥም አሉኝ እኮ።»

ልክ ነው፣ ግራ ያጋባል። ሁለት ግልበጣዎች ናቸው፤ ከሩቅ ሲያዩአቸው መንታ ይመስላሉ እንጂ አሠራራቸው ለየቅል ነው። የመጀመሪያው የቦታ ነው። እዚያ ሙሉው ግሥ ባለቤቱን ይቀድማል፣ ደግሞም ውዴታ ነው፤ ባትገለብጡም ስህተት አይሆንም። ሁለተኛው የአሉታ ነው። ፊት የመጣው ሐረግ ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ አፍራሽ ካደረገው፣ ረዳት ግሡ ብቻ ነጠል ብሎ ባለቤቱን ይቀድማል፣ ዋናው ግሥ ከኋላ ይቀራል። ልክ እንደ ጥያቄ። ረዳት ግሥ ከሌለ «ዱ»ን ወይም «ዲድ»ን መበደር ነው። ይህኛው ግዴታ ነው። ተውላጠ ስምም አይከለክለውም፦ «አት ኖ ታይም ዲድ ሂ ሊቭ ዘ ቦት።» አንድም ጊዜ ከጀልባዋ አልወረደም።

ልዩነቱን በጣም የሚያሳይልኝ አንድ ጥንድ አለ። «አት ኖ ታይም» እና «ኢን ኖ ታይም»። ሁለቱም ውስጥ «ኖ» አለ። «ኢን ኖ ታይም ሂ ሌፍት ዘ ቦት» ሲባል ግን አልወረደም ማለት አይደለም። ወዲያውኑ፣ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ወረደ ማለት ነው። ዓረፍተ ነገሩ አዎንታ ነው፤ ስለዚህ ግልበጣ የለም። «ኖ»ን ማየት አይበቃም። ሰውየው ወረደ ወይስ አልወረደም ብሎ መጠየቅ ነው። አልወረደም ከሆነ ገልብጡ።

«ኦንሊ»ም ከዚሁ ወገን ነው። «ኦንሊ አፍተር ዘ ሬይን ዲድ ዘ ቦት ሊቭ።» ይህን ቃል በቃል ከማዛመድ ይልቅ በአማርኛ እንዴት እንደምንለው ስሙት፦ «ጀልባዋ የተነሣችው ከዝናቡ በኋላ ነው።» እነሱ ረዳት ግሥ እያስዘለሉ የሚያመጡትን ክብደት እኛ በ«የ» እና በ«ነው» እናመጣዋለን። ልጁ ይህን ሲሰማ ነው ፊቱ የበራው። «ሌላ ነገር አስቤ ልተርጉም ስል ነበር የሚጠፋኝ» አለ።

አሁን ወደ እቴጌ ምንትዋብ ልመለስ፤ እዚያ ጋ ያስቀረሁት ቀልድ አለ። የልጁን የተሰበረ ዓረፍተ ነገር፣ «በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን፣ አሠራ፣ ምንትዋብ፣ ቤተ ክርስቲያኑን» የሚለውን፣ በጀርመንኛ ብታስቀምጡት ልክ ነው። ጀርመንኛ እስከ ዛሬ ፊት የፈለገው ይምጣ፣ ግሡን ሁለተኛ ቦታ ላይ ያስቀምጣል። ደችም እንዲሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1100 በፊት የሚነገረው የጥንቱ እንግሊዝኛም በብዛት እንዲህ ነበር። ያኔ እንደ እኛ «ን» ያሉ ምልክቶች በስሞቹ መጨረሻ ላይ ነበሩት፤ ማን አድራጊ እንደሆነ ከቦታው ብቻ አይታወቅም ነበር። ምልክቶቹ በጊዜ ብዛት ተሸርሽረው ወደቁ። ግሥ ሁለተኛ የሚሆንበት ልማድም በመካከለኛው ዘመን እየሳሳ ሄደ። «ሂር ካምስ ዘ ባስ» የሚሉት ከዚያ አሮጌ ቤት የተረፈች ማገር ናት። የሚገርመው በዚያ ዘመንም ተውላጠ ስም ብዙ ጊዜ ግሡን ሳይዘል ከፊቱ ይቀር ነበር። የዛሬው «ሂር ኢት ካምስ» እንግዳ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን አስጠንቅቄዋለሁ። የቦታ ግልበጣ የተራኪ ቋንቋ ነው። ሰው ሲገልጽ፣ ሲተርክ፣ ሲያስጎበኝ ያምርበታል። ሻይ ቤት ገብቶ «ኦን ዘ ቴብል ኢዝ ኤ ፍላይ» ቢል አስተናጋጁ ግጥም የሚያነብለት ይመስለዋል። «ዜርስ ኤ ፍላይ ኦን ዘ ቴብል» ነው የሰው አነጋገር። ጽሑፉ ላይም በየመስመሩ ከሆነ እንደ ፋውንድ ፋውንዱ ያሰለቻል። እኔ ብሆን ደሴት ሲቀየር አንድ እላለሁ፣ ከዚያ በላይ አልሄድም።

ባለፈው እሑድ ወደ ዘጌ ለልምምድ ይዞኝ ሄደ። ከእኔ ሌላ ሦስት ጓደኞቹ ነበሩ፤ ሁላችንም ፈረንጅ ነን ተብሎ ተነገረን። ወደቡን ለቀን ትንሽ እንደሄድን ወደ ክብራን በእጁ እያመለከተ «ኦን ዛት አይላንድ ስታንድስ ኤ ሞናስቴሪ» አለ። ቀጥሎ የሴቶቹን ክልከላ ነገረን፣ «ሜይ»ን ከ«ውሜን» አስቀድሞ። ዘጌ ስንወርድ ስለ ቡናው ጫካ በቀጥተኛ ዓረፍተ ነገር አወራ። ፋውንድ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

ስንመለስ አንዱ ጓደኛው ስልኩን አጣ። ቦርሳ ተፈተሸ፣ መቀመጫ ተነሣ፣ ነጂውም ሞተሩን አቀዘቀዘ። በመጨረሻ ልጁ ጎንበስ ብሎ ከሕይወት አድን ጃኬቶቹ ሥር አወጣውና ከፍ አድርጎ «ዘ ፎን ኢዝ ፋውንድ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ።

«ይቺን አልነካብህም» አልኩት።